የታህሳስ ገብስ ደቦ

«ሽጥ! ምን ታፈጣለህ፣ ሽጥ!»

ኢብሳ ይህን ያለው በአፉ አይደለም፤ በክርኑ ነው። ሚልኬሳን ጎኑ ላይ ሲጎሽመው የልጁ ጣት ማውሱ ላይ ወደቀች። ተሸጠ። ከፊታቸው የተቀመጠችው ዳናዊት ጸጉሯን ወደ ጆሮዋ ጀርባ መለሰች፤ «እኔም ጨርሻለሁ» ማለቷ ነው። በሩ አጠገብ ያሉት ሦስቱም ተከተሉ። ጠዋቱን ሙሉ የጭላሎን ዳገት እንደያዘ ሰው ሽቅብ ሲወጣ የነበረው የገብስ ዋጋ፣ እግሩ እንደከዳው ሰካራም ቁልቁል ተንከባለለ።

ኢብሳ ሳቁ እንዳይታይበት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ጫማው ክር የለውም።

«ያ ኢብሳ» አለ ሚልኬሳ በሹክሹክታ። «አንተ እኮ ሰይጣን ነህ።»

«ዲሲ!» አለ ኢብሳ በኦሮምኛ። «ተው፣ ዝም በል! ወደ ስክሪንህ ዙር።»

ክፍሉ አሰላ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ታች ጎማ ሲነፋ ላይ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። አንድ የግብይት ድርጅት ቤቱን ተከራይቶ፣ ሰባት ወጣት መርጦ፣ በኮምፒውተር የወደፊት ውል መግዛትና መሸጥ ያስተምራል። የወደፊት ውል ማለት፣ ኢብሳ ለእናቱ ለወርቅቱ እንዳስረዳት፣ ገና ማሳ ላይ ባለ ገብስ ዛሬ ዋጋ መቁረጥ ነው። «የታህሳስ ገብስ» ይባላል፤ በነሐሴ ይሸጣል። ወርቅቱ ሰምታ ሰምታ፣ «ላም አለኝ በሰማይ በለኛ!» ብላ ነበር ብድግ ያለችው። እሱ ግን ገብቶታል። ዋጋ ይወርዳል ያለ ሰው ቀድሞ ይሸጣል፤ ሲወርድ በርካሽ መልሶ ገዝቶ ልዩነቱን ይበላል። ከወጣበት ደግሞ ተበላ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስይዙት ገንዘብ ማርጂን ይባላል። ኢብሳ የመጀመሪያው ቀን፣ «ቀብድ ነው በሉንና ገላግሉን» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገድሎታል።

እስከዛሬ የተገበያዩት በጨዋታ ብር ነው። ዛሬ ማለቂያው ነው። ገበያው ሲዘጋ ሂሳቡ አረንጓዴ የሆነ ወንበር ያገኛል፣ ደሞዝተኛ ይሆናል። ሂሳቡ የቀላ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ኢብሳ የመጣበትን ያውቀዋል። አሰላ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር፤ መኪናው ባዶውን ቆሞ «ኢተያ! ኢተያ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ጉሮሮው የተላጠ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት ግቢ የረገጠው ድምጽ ሊሰጥ ብቻ ነው። ለስልጠናው የተመረጠው በቃል ሒሳብ ሁሉንም በልጦ ነው። የመናኸሪያ ልጅ መልስ ሲቆጥር አይሳሳትም፤ ከተሳሳተም ወደ ራሱ ኪስ ነው። ሲሰናበታቸው ጓደኞቹ አዋጥተው ይሄን ክር የሌለው ጫማ ገዙለት። በማግስቱ ቦታው ላይ ሌላ ልጅ ቆመ። እና አሁን ወደየት ይመለሳል?

ንባብ ላይ ግን እንደ ሽማግሌ አህያ ነው፤ በየመስመሩ ይቆማል። የገበያውን ደንብ ያነበበችለት ሙቢና ናት፣ የባለሱቁ የጋሽ ሐቢብ ልጅ። ሌሎቹ ሻይ ሲጠጡ እሷ አንቀጽ በአንቀጽ እያነበበች ታስደግመዋለች። ሲሳሳት «አንተ ደረቅ!» ትለዋለች። ሳይሳሳትም ትለዋለች።

ባለፈው ሳምንት አክስቷ ሞተችባትና ጎበሳ ከተማ ለቅሶ ሄዳ ሁለት ቀን ቀረች። ዛሬ ጠዋት ገና ከመግባቷ ሸጠች፤ እየደጋገመች ሸጠች። ዋጋው ደግሞ እየደጋገመ ወጣ። ግድግዳው ላይ የሁሉንም ሂሳብ የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን አለ። የሙቢና ሂሳብ እዚያ ላይ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተሰጣ። እሷ አገጯን በእጇ ደግፋ ዝም ብላ ታያለች። ኢብሳ ያንን ዝምታ እንደመሰለው ፈታው። አለቀላት፣ አለ በልቡ፤ ለቅሶ ደርሳ መጥታ አለቀላት።

መናኸሪያ ውስጥ የአንዱ ቀን ከጠመመ ሌሎቹ ተራቸውን ይለቁለታል። ማንም «ስጡኝ» አይልም፣ ማንም «ሰጠሁህ» አይልም። ኢብሳ ይህንን ይዞ ነው ያደገው። ሻይ ሰዓት ላይ ሙቢና ከኮምፒውተሯ አልነሳም ስትል አምስቱን ይዞ ወረደ፤ የጎሚስታው አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀምጦ፣ እሱ አንዷ ላይ ቆሞ ሰበካቸው።

«ደቦ ነው። የሰው እርሻ አረም ሲውጠው እያያችሁ ታልፋላችሁ? ሁላችን ባንዴ እንሸጣለን፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ልጅቷ ትተነፍሳለች። ለሷ ትንፍሽ እንዳትሉ፤ ኩሩ ናት።»

አንድም ሰው «ደንቡስ?» አላለም። ሰው ሲሰምጥ ማን ደንብ ያገላብጣል?

አሁን ኢብሳ ከሌለው ክር ላይ ቀና ሲል ስክሪኖቹ ሁሉ ደርቀው ቆመዋል።

አሰልጣኙ ተክለወልድ ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጭን፣ የአሰላን ብርድ ፈርቶ ሁለት ሹራብ የሚደርብ ሰው ነው። ሲቆጣ ድምጹ ይቀንሳል። አሁን ለመስማት ጆሮ መቀሰር ያስፈልግ ነበር።

«ስድስት ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ምንም ወሬ ሳይሰማ፣ አንድ ላይ ሸጠ» አለ። «ይሄ በደንባችን ምን ይባላል? ዳናዊት?»

«ተመካክሮ… ዋጋ ማዛባት» አለች ዳናዊት ለጠረጴዛው።

«ቅጣቱ?»

«ከገበያ መታገድ።»

«ስድስታችሁም ከትርፋችሁ ጎድሎባችኋል። ከቀይ ወደ አረንጓዴ የዞረ አንድ ሂሳብ ብቻ ነው ያለው።» ወደ ግድግዳው ዞረ። «ሙቢና፣ ዕቃሽን ያዢ። ስልጠናሽ እዚህ ላይ አበቃ።»

ሙቢና የሰማችውን ያላመነች ይመስል ትንሽ ፈገግ አለች። «እኔ ምን አደረግኩ?»

«የተጠቀምሽው አንቺ ነሽ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዘው የተጠቀመውን ነው።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ከጠዋት ወዲህ አንድ ቁልፍ አልነካሁም!»

«አውቃለሁ። ሃሳቡን ያመጣው ሰው ግን ስሙን አልነገረኝም።»

ልጅቷ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው። ዓይኗ ሚልኬሳ ላይ ሲደርስ ሚልኬሳ ወደ ኢብሳ አየ። እዚያ ቆመች።

«ማል ጎቴ፣ ኢብሳ?» አለችው በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ። ምን አደረግክ?

ኢብሳ አፉን ከፈተ። ሆቴል ውስጥ የተኛ ተሳፋሪ ከመናኸሪያ ሆኖ የሚቀሰቅስ ጉሮሮ አንዲት ቃል መትፋት አቃተው። ሙቢና ሻርፗን አጥብቃ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ስትወርድ የጫማዋ ድምጽ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ።

ተክለወልድ ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ። «ስድስት ሰዓት ላይ ላነብላችሁ ያዘጋጀሁት ዜና ይሄ ነበር። ‹በአርሲ ዝናቡ ተስተካክሏል፤ የዘንድሮ ገብስ ካምናው ይበልጣል።› ይሄ ሲነበብ ዋጋው ምን ይሆን ነበር?»

ምርት ሲበዛ ዋጋ እንደሚወርድ የሚልኬሳ እናት ፍየል እንኳን ታውቃለች።

«ሩብ ሰዓት ብትተዉዋት በራሷ ታሸንፍ ነበር» አለ ተክለወልድ።

ይሄኔ ኢብሳ ተነሳ። ንዴቱ ከእግሩ ጀምሮ ነው የመጣው፤ ጆሮው ጋ ሲደርስ አቃጠለው።

«ቆይ፣ ቆይ። እርስዎ ያዩን ነበር?»

«ጎማ ላይ ተቀምጣችሁ ስትመካከሩ በመስኮት አይቻለሁ።»

«እና ዝም አሉ?»

«ገበያ አይመክርህም፣ ኢብሳ። ቆሞ ይጠብቅሃል። እዚህ በጨዋታ ብር ካልተማርክ፣ ነገ በገበሬ ብር ነው የምትማረው።»

«ስማ!» እርስዎ ማለቱ ከአፉ ጠፋ። «ልጅቷ ገደል ስትገባ ቆመህ እያየህ ነው እኔን የምታስተምረው? አስተማሪ ነህ ወይስ ወጥመድ?»

«ገደሉን የቆፈረውን ስም ንገረኝ» አለ ተክለወልድ፣ አሁንም በዚያች ቀጭን ድምጹ። «ሙቢናን አሁኑኑ እመልሳታለሁ። ሃሳቡ የማን ነበር?»

ታች ጎማ መንፊያው ጮኸ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ኢብሳ አምስቱን አያቸው። አምስቱም ጠረጴዛቸውን አዲስ እንደተገዛ ዕቃ ይመረምራሉ። መናኸሪያው ታየው፤ በሱ ቦታ ላይ «ኢተያ!» የሚለው ልጅ ታየው፤ እናቱ ለጎረቤት ሁሉ «ቢሮ ሊገባ ነው» ያለችው ታየው።

ቁጭ አለ።

በሕይወቱ እንደዚያ ያቃጠለው ወንበር የለም።

«እስከ ስምንት ሰዓት እዚሁ ነኝ» አለ ተክለወልድ። «ከዚያ ሪፖርቱ አዲስ አበባ ይሄዳል። በእሷ ስም።»

ውጭ ካፊያው ጀምሯል። ኢብሳ ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቁልቁለቱን በንዴት ወረደ። ባጃጅ ውሃ ረጨው፤ ሰደበው። አህያ መንገድ ዘጋችበት፤ እሷንም ሰደባት። በልቡ ግን የሚሰድበው ሌላ ነው፤ አንዴ ተክለወልድን፣ አንዴ ደንቡን፣ መልሶ መልሶ ግን ያንን ቁጭ ያለ ልጅ።

ሚልኬሳ እየሮጠ ደረሰበት።

«ምን ሆነሃል አንተ? ተረፍን እኮ!»

«ማን ነው የተረፈው?»

«ስድስታችን ነና! ልጅቷ አባቷ ሱቅ አለው፤ አትራብም። እኔና አንተ ምን አለን? አንድ ቃል እንያዝ። ሁላችንም ‹የዋጋውን መስመር አየን፣ በየራሳችን ሸጥን› እንበል፤ በቃ። ማሽን ልብ አያነብም።»

ኢብሳ ደረቱን ገፍቶ ከአጥር አጋጨው። «አፍህን ዝጋ! አፍህን ዝጋ ነው የምልህ!»

«እኔን ነው የምትገፋው?» ሚልኬሳ ክርኑን አሸ። «ሃሳቡ የማን ሆነና? ጎማ ላይ ቆመህ እንደ ሰባኪ ስትጮህ የነበርከው እኔ ነኝ? አሁን ጻድቅ ልትሆን ነው? ጎሽ፣ ሂድና ተናገራ! ምን ያዘህ?»

መልስ የሌለው ንዴት እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ዝም ባልከው ቁጥር ይብሳል። ሚልኬሳን ካፊያው ውስጥ ትቶት ሄደ።

የጋሽ ሐቢብ ሱቅ ገመድ፣ ማጭድ፣ ባልዲና ሸራ ይሸጣል። ሙቢና ባንኮኒው ጀርባ ቆማ የፕላስቲክ ገመድ በክንዷ እየለካች ትጠቀልላለች። አባቷ ኢብሳን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ና ግባ፣ ና! በዝናብ በስብሰሃል እኮ። ይቺ ልጅ ‹ፈተናው በጊዜ አለቀ› ብላ መጣች። እንዴት ነው፣ አለፈች አይደል?»

«ጋሽ ሐቢብ፣ እርስዎ… ደህና ዋሉ?»

«አባ፣ ሶላትህ እንዳያልፍህ» አለች ሙቢና ቀና ሳትል። ሽማግሌው ሰዓቱን አይቶ ኮፍያውን አጠለቀና በጓሮ በኩል ወደ መስጊድ ወጣ። እስኪርቅ ገመዷን ጠቀለለች። ከዚያ ወረወረችው።

«ለምን መጣህ?»

«ይቅርታ ልልሽ ነው።»

«ይቅርታህን ለጎሚስታው ስጠው፤ ቀዳዳ ይድፈንበት!»

«ሙቢና፣ ልረዳሽ ብዬ ነው እኮ! ቀልተሽ አየሁሽ…»

«ማን እርዳኝ አለህ? የቀን ጣሪያ ምንድን ነው?»

«አሁን ፈተና ነው እንዴ?»

«በል ነው የምልህ! ማን ነው ያነበበልህ?»

«አንቺ» አለ ኢብሳ። ቀስ እያለ፣ ሳይፈልግ ጨረሰው። «ዋጋው በአንድ ቀን ከተወሰነለት በላይ… አይወጣም።»

«አይወጣም! ጣሪያውን ነክቶ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ በላይ መሄጃ የለውም። ማርጂኔ ደግሞ እስከ ጣሪያው ድረስ ይበቃኝ ነበር። አስቤበት ነው የገባሁት። ጎበሳ ለቅሶ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ማሳ አይቻለሁ፤ ገብሱ ጉልበቴ ላይ ደርሷል። ዘንድሮ ምርት አለ፣ ዋጋው ይወርዳል ብዬ ነው የሸጥኩት። ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። አንተ ደግሞ አየኸኝና ‹ምስኪን› አልክ።»

«ወላሂ አላልኩም።»

«የኔን ወላሂ አትማልብኝ! አልክ። አንድ ጊዜ ዞር ብለህ ‹ሙቢና፣ ምን አስበሽ ነው?› ብትለኝ ምን ነበረበት? አምስት ሰው ስታማክር እኔን አላማከርከኝም። ሂሳቡ የኔ፣ ቀኑ የኔ፣ ምክሩ የናንተ!»

ይሄኛው ገባ፤ ጎድኑ ሥር ገባ። ኢብሳ የሚይዘው ቢያጣ ባልዲ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«እሺ ስሚኝ» አለ፤ ድሮ መኪና ሲሞላ የሚመጣበት ሙቀት ድምጹ ላይ እየመጣ። «አሁን ሄጄ ሁሉንም እሰበስባለሁ። ስድስታችን አንድ ላይ እንገባለን። ‹ሙቢና ካልተመለሰች ማናችንም አንቀመጥም› እንለዋለን። ያኔ ምን ይውጠዋል? ብቻውን ሊገበያይ ነው?»

ሙቢና የሸራ መለኪያውን እንጨት አንስታ ባንኮኒውን ደለቀችው። ማጭዶቹ ተንጫጩ።

«ደግሞ ሌላ ደቦ!»

ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

«ሰው ሳታስከትል አንድ ነገር ማድረግ አትችልም? ወላሂ፣ አንድ ሰው አስከትለህ ብትሄድ ዓይንህን አላየውም!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቀኝ።» ከደጅ አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ልጅቷ ድምጿን ለወጠች። «ይግቡ አባቴ። ምን ነበር? ገመድ? ወፍራሙን ነው ቀጭኑን?»

ኢብሳ ሲወጣ ማንም አልሸኘውም።

ጎሚስታው በር ላይ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። «የታህሳስ ገብስ» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ሙቢና ያለችበትም ግሩፕ ነበር፣ አሁን የለችም። ተወግዳለች። ያወጣት ሚልኬሳ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ሁሉም በየራሱ መስመሩን አይቶ ሸጠ። ቃላችን ይሄ ነው። የተስማማ አውራ ጣት ያድርግ።»

አራት አውራ ጣት ተደርድሯል። የጎደለው የእሱ ነው።

«ኢብሳ የታለህ?» አለ ሚልኬሳ። «ኢብሳ ባክህ» አለች ዳናዊት። «አታጥፋን» አለ ከበሩ አጠገብ ያለው ልጅ።

ኢብሳ ጠዋት የቆመባትን ጎማ አያት። እዚያች ጎማ ላይ ሆኖ የተናገረው እያንዳንዱ ቃል እንዴት ጣፍጦት ነበር! ጎማዋን በክር አልባ ጫማው ረገጣት። እግሩን አመመው እንጂ ጎማዋ ምንም አልሆነች። ከዚያ ስልኩ ላይ ጣቱን ጫነ፤ ከግሩፑ ወጣ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ፤ አንድ አንድ ቢረግጠው ሃሳቡን እንዳይቀይር ፈርቶ።

ተክለወልድ ባዶው ክፍል ውስጥ ሻይ በዳቦ እየበላ ነው። ኢብሳ በሩን አላንኳኳም።

«ሃሳቡ የኔ ነው። ሙቢና የምታውቀው ነገር የለም። እንዳይነግሯት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ተክለወልድ ዳቦውን አስቀመጠ። «ሌሎቹስ?»

«የነሱን እነሱ ያምጡ። የመጣሁት በኔ ስም ነው።»

«ወንበርህ ይቀራል። ገብቶሃል?»

«ቆሜ ነው ያደግኩት።»

አሰልጣኙ ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን የልጁን ዓይን አየና ተወው። ላፕቶፑን ከፈተ። ኢብሳ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ሌላም አለ። እርስዎ በመስኮት እያዩ ዝም ማለትዎም አብሮ ይጻፍ።»

«እሱ ጥፋት አይደለም፤ ማስተማር ነው።»

«ይሁን። ማስተማር ከሆነ ምን ያሳፍራል? ያነቡልኛል፤ እዚያ ላይ ካልሰማሁት አልፈርምም።»

ታች ጎማ መንፊያው ሥራ ጀመረ፤ የሻይ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ተንቀጫቀጨ። በመጨረሻ ተክለወልድ ሹራቡን ሽቅብ ሰብስቦ እጁን ቁልፎቹ ላይ አደረገ።

«ይጻፋል» አለ፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል። «መጀመሪያ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እሱም ይመዘገባል። ይሄን ልትነግረኝ ስትመጣ ከማን ጋር ተማክረህ ነው?»

የኢብሳ ስልክ እጁ ላይ ነዘረ። ሚልኬሳ ነው። ኢብሳ ዘጋው። እንደገና ነዘረ፤ ጨርሶ አጠፋውና ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ከማንም» አለ። «ይጻፉ።»